በቤት ሽያጭ የምንከፍለው ለማን ነው?

ቤት የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ከቤቱ ዋጋ ሌላ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ይጠብቃል፤ ውል ጸሐፊው የድካሜን ይላል፤ ጠበቃ ከተያዘ የጥብቅና አበል አለ፤ ውሉን የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ያስከፍላል፤ ስም ሲዞር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይመጣል። ቀረጡ የመንግሥትና የዜጋ ጉዳይ ነውና እዚህ አልገባበትም። የሚያሳስበኝ የቀረው ነው፤ ሰው በሰው መካከል ገብቶ «ይህ ቤት የእገሌ ነው፣ ለእገሌ ሸጦታል» ብሎ ስላገናኘ፣ ስለጻፈና ስላረጋገጠ የሚቀበለው ገንዘብ። እውነትን ለመናገር ዋጋ መቀበል ይገባል? የሚገባ ከሆነስ በምን ልክ? እንደ አርብ ገበያ ባለች የወረዳ ከተማ ልጆቹን ለማስተማር ቤት የሚገዛ ገበሬ፣ ከብቱን ሸጦ ባጠራቀመው ብር ላይ ይህ ሁሉ ሲደረብበት፣ ጉዳዩ ከሒሳብ አልፎ የሕሊና ጥያቄ ይሆናል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ክፍያው የሚጸድቀው ተቀባዩ ለጻፈው ወይም ለመሰከረው ነገር ነገ የሚጠየቅ ሲሆን ነው። ተጠያቂነት የሌለበት ክፍያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከገዢው አለማወቅ ላይ የተወሰደ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማየት፣ በኢትዮጵያ ቤት ሲሸጥ በእርግጥ ምን እንደሚሸጥ መጠየቅ ይበጃል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ ወዲህ፣ ኋላም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ከደነገገ ጀምሮ፣ ሻጭ የሚያስረክበው ግንቡን፣ ጣሪያውንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ግድግዳውን ገዢ በእጁ መትቶ ያየዋል፤ ቆርቆሮው ያፍስስ አያፍስስ በክረምት ይለያል። መብቱ ያለው ግን በካርታውና በማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ውስጥ ነው። ቤቱ በብድር ተይዞ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ፣ ሚስት ያልፈረመችበት የጋራ ሀብት እንደሆነ፣ ወራሾች ገና ያልተካፈሉት እንደሆነ ግንቡ አይናገርም። በየሽያጭ ውሉ ላይ «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ የሆነውን ቤቴን» የምትል ሐረግ ትገባለች። ሐረጓን የጻፋት ሰው ማኅደሩን አስወጥቶ አይቷል ወይስ ሻጩ ያለውን ገልብጧል? ገልብጦ ከሆነ የተከፈለው ለቀለሙና ለወረቀቱ ነው። አይቶ ከሆነ ግን ገዢው በራሱ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ሰጥቶታል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ወረቀት ያስረክባሉ፤ ድካማቸውና ዕዳቸው ግን አይገናኝም።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት አላጡትም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዋጋው በወቄት ወርቅ ተቆጥሮ፣ የሻጭና የገዢ ስም ተጠቅሶ፣ የምስክሮቹ ስም በተርታ ተከትሎ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ለዓመታት ያጠናቸው እነዚህ መዛግብት ናቸው። ምስክሮቹ በስማቸው የተዘረዘሩት ክርክር ቢነሳ ተጠርተው እንዲጠየቁ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም አብርሃም የመቃብሩን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር ሲገዛ ሽያጩ የጸናው በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ነው። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ ሳለች የአናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ገዝቶ፣ ውሉን በምስክር ፊት አትሞ፣ ብዙ ዘመን እንዲኖር በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ ለባሮክ ሰጥቶታል። በቁርኣንም ረጅሙ አንቀጽ፣ በአል-በቀራ ሱራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ ውል ነው፤ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል፤ ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ ያስጠነቅቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኔ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ጸሐፊው አይጎዳ ከተባለ፣ ሥራውን ጥሎ የዋለበት ቀን በባዶ አይቅርበት ማለትም ነውና።

እዚህ ላይ ከሃይማኖት ወገን ጠንካራ መቃወሚያ ይነሳል። የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ጌታው በነፃ ስለሰጠው ፈውስ ከንዕማን ብርና ልብስ ተቀብሎ በለምጽ ተመትቷል፤ እውነትን ማረጋገጥም እንደ ፈውስ የጸጋ ሥራ ከሆነ ዋጋ ሊቆረጥለት አይገባም የሚል ነው። አርብ ገበያ በምትገኝበት በጋይንት አገር ይህ መቃወሚያ በዓይን የሚታይ ምስክር አለው። የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም በዚያ ናት። ተማሪው ዓመታት ለፍቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ የተማረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቆማል፤ መምህሩ ዜማውን ሰምቶ «አውቋል» ብሎ የሚመሰክርለት በገንዘብ አይደለም። ለዕውቀት ምስክርነት ያልተከፈለ ለቤት ምስክርነት ለምን ይከፈላል? ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን የኔታ በነፃ የሚያስተምሩት ማኅበረሰቡ ስለሚያኖራቸው ነው፤ ደብሩ፣ ምእመኑ፣ ቀድሞም የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ተሸክሟቸዋል። ወጪው አልጠፋም፤ ከተማሪው ትከሻ ወደ አገሩ ተዛውሯል። ደግሞም የኔታ በምስክርነታቸው ይጠየቃሉ፤ ያልበሰለ ቢያስመሰክሩ ስማቸው በየደብሩ ይወቀሳል። ግያዝ የተቀጣውም ያልሠራበትን፣ ጌታው እንቢ ያለውን፣ በውሸት ስለወሰደ ነው። ስለዚህ ከቤተልሔም የምማረው መክፈል ነውር መሆኑን አይደለም፤ የሚመሰክር ሰው የሚኖርበትን ያግኝ፣ በመሰከረውም ይታሰር የሚለውን ነው።

ሌላው መቃወሚያ ከዘመድነትና ከመተማመን ይመጣል። ሻጩ አጎት፣ ገዢው የወንድም ልጅ ሲሆን ወይም ሁለቱም በአንድ ጽዋ የሚጠጡ ሲሆኑ፣ ሽማግሌ ባለበት ቀብድ ተቀብሎ በቃል መጨረስ ይበቃል፣ ሦስተኛ ሰው ማብላት ለምን አስፈለገ ይባላል። መተማመኑን አከብረዋለሁ፤ ያለ እርሱ አገር አይቆምም። ግን መተማመኑ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለ ነው፤ ቤቱ ከሁለቱም ይተርፋል። ሽማግሌዎቹ ያልፋሉ፣ ልጆች ይመጣሉ፣ የቦታ ዋጋ ይንራል፤ ያን ጊዜ ያልተጻፈውን ቃል የሚሸከመው ማነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዘዘው ለዚህ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በዚህ ሥርዓት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ሲወስን ብዙዎችን አስደንግጧል። ቅርጽን ከሰው ቃል በላይ አደረገ ብለው የወቀሱት የሕግ ሰዎች ነበሩ፤ ወቀሳው ክብደት አለው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ቤት ያስረከበ ሻጭ በፎርም ጉድለት ቃሉን ማጠፍ ከቻለ ሕጉ ለከዳተኛ ዋስ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ይህ የሚያሳየው ምዝገባውን የማያውቅ ገዢ እንዴት እንደሚጎዳ ነው። ወጪን ፈርቶ ምዝገባውን የተወ ሰው የቤቱን ሙሉ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ በመቶኛ የሚከፈለው ነው። በአዲስ አበባ ልማድ ደላላ ከቤት ሽያጭ 2 በመቶ ይጠይቃል። አንድ ሚሊዮን ብር የወጣን ቤት ያሳየ ደላላና አሥር ሚሊዮን የወጣን ያሳየ ደላላ የሚሄዱት መንገድ ያው ሆኖ፣ አንዱ 20 ሺህ ሌላው 200 ሺህ ይቀበላሉ። ለመቶኛው የሚሰጠው ምክንያት ዋጋው ሲያድግ ኃላፊነቱም ያድጋል የሚል ነው። ምክንያቱ ትክክል የሚሆነው ኃላፊነቱን የሚሸከም ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር ቤት ሲገዛና ሲሸጥ ጉዳዩን የሚይዘው ሶሊሲተር የሚባለው የሕግ ባለሙያ፣ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ክፍያው በቤቱ ዋጋ ልክ በታሪፍ ይቆረጥለት ነበር፤ ታሪፉ ቀረ፤ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዋጋውን አስቀድሞ በይፋ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በደረሰኙ ላይ የራሱ ድካም በአንድ ወገን፣ ለመዝገብ ቤትና ለማጣሪያ የከፈለው በሌላ ወገን ይጻፋል። በቸልተኝነቱ ደንበኛው ከተጎዳ የሚከፍልበት የሙያ መድን መግባትም ግዴታው ነው። ክፍያው ርካሽ አይደለም፤ የሚከፍለው ሰው ግን ቤቱ የሌላ ሆኖ ቢገኝ ማንን እንደሚይዝ ያውቃል። የእኛ ደላላ ቀብዱ በተከፈለ ማግስት ስልኩን ቢያጠፋ ገዢው ምን ይይዛል?

አርብ ገበያ ላይ መድን የገባ ጠበቃ ፈልጉ ማለት ለገበሬው መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ወደ ደብረ ታቦር መመላለሱ ራሱ ወጪ ነው። መለኪያው ግን በትንሽ ከተማም ይሠራል። ለውል ጸሐፊ የሚከፈለው መጠነኛ ብር ለእጁ ድካም ነው፣ ይገባዋል፤ ገዢው ግን ማኅደሩ ታይቶልኛል ብሎ እንዳይዘናጋ በግልጽ ይነገረው። የጸሐፊውና የደላላው ስም፣ የተቀበሉትም ብር፣ ልክ እንደ ጥንቶቹ ምስክሮች በውሉ ላይ ይስፈር፤ ስሙን ለማስገባት እንቢ የሚል ደላላ ገንዘቡንም አይቀበል። ጠበቆችም ዕዳ አለባቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። እንዲህ ያለ አገልግሎት ባብዛኛው ሙግት ከተነሳ በኋላ በችሎት ለሚቆም ሰው ነው የሚታሰበው። ከዚያው አገልግሎት ጥቂቱ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ካርታውን፣ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታና የእገዳ መዝገቡን ለማየት ቢውል፣ በየወረዳ ፍርድ ቤቱ ዓመታት ከሚፈጀው የቤት ክርክር ብዙው ገና ሳይጀመር ይቀር ነበር።