ትርጉም ያለው ሥራ እና የትርጉም ሥራ

የሰፈራችን ልጅ ናት። ሥነ ጽሑፍ እንድትማር የገፋፋኋት እኔ ነኝ። ያኔ እናቷ፣ «እንግዲህ ጋሼ ካሉ ይሁን» ብለው ዝም አሉ። እንጀራ ጋግረው ለየምግብ ቤቱ እያከፋፈሉ ነው ያሳደጓት፤ ወገባቸውን ያመማቸውም በዚሁ ነው።

ታዲያ ባለፈው እሑድ ቤቴ መጣችና ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። አንደኛው ከአዲስ አበባ ራቅ ያለች ከተማ ሄዳ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አማርኛ እንድታስተምር የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ሪል እስቴት ድርጅት የመጣ ነው፤ ሥራው የአፓርታማ ማስታወቂያ መጻፍ። ደመወዙ የመምህርነቱን ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ኮሚሽኑን ሳንቆጥር።

«የቱ ይሻለኛል፣ ጋሼ?»

ድሮ ቢሆን መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ስንቱን ባች «ለሆዳችሁ አትደሩ፣ ትርጉም ያለው ሥራ ሥሩ» እያልኩ ሸኝቻለሁ! እስቲ ዛሬ እውነቱን ላውጣው። ያንን ሁሉ ስሰብክ፣ ቀን ቀን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶችን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አንዱን መቼም አልረሳው፤ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር ነው። ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ሳሙና ከሌለ እጅ በአመድ ይታጠብ፤ እንዲህ እንዲህ የሚል። የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ጉድጓዱ ነበር እንጂ ሰብለ ወንጌል አልነበረችም። ተማሪዎቼ ይህን አያውቁም፤ አፍሬ ደብቄያቸው ነበር። ትርጉም ያለው ሥራ እየሰበክሁ በትርጉም ሥራ እኖር ነበር ማለት ነው።

ከዓመታት በኋላ አንድ የገጠር ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ያቺን ጽሑፌን ተለጥፋ አገኘኋት። ስሜ የለባትም። ስለ ልቦለድ ያሳተምኳቸው ጥናቶች ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደሚጠጡ እግዜር ይወቅ።

ለነገሩ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ያንን ታላቅ መጽሐፍ ሲያሳትሙ እንጀራቸው ድርሰት አልነበረም፤ ዲፕሎማት፣ የመንግሥት ሹም ነበሩ። አቤ ጉበኛ በአንጻሩ ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ለማደር ቆረጠ። ሁለቱንም አስተምሬያለሁ። የአቤን ቆራጥነት ሳወራ ድምፄ ከፍ ይል ነበር፤ የሐዲስን ደመወዝ ግን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። ባንክ ጥሩ ሥራ አገኘ፤ በዚያው ሰሞን በትንሽ ደመወዝ የማስተማር ዕድልም መጣለት። መጥቶ ጠየቀኝ። የምለው ይታወቃል፤ አልኩት። ሰማኝ። ካቻምና ለቅሶ ቤት ተገናኘን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናወጋ እንዲህ አለኝ፤ «ማስተማሩን እወደዋለሁ፣ አልጸጸትበትም። ግን ያን ዓመት አባቴ ታመመ፤ ታናሽ እህቴ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ቤይሩት ሄደች። የሕክምናውን የከፈለችው እሷ ናት።» አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእሱ ትርጉም ያለው ሥራ አገኘሁለት ብዬ ስኮራ፣ ሒሳቡን የከፈለችው አንዲት ስሟን እንኳ የማላውቃት ልጅ ናት። እኛ አገር ደመወዝ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል የኖረው እኮ አንዱ እንዲማር ሌሎቹ ጦማቸውን እያደሩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የመጣው የወጪ መጋራት ውል ተመራቂው ለመንግሥት ያለበትን በብር ቆጥሮ ያስቀምጣል። የእናትን ምጣድ የሚቆጥር ውል ግን የለም፤ እናትየውም አይጠይቁም። ባለዕዳው ራሱ ካላሰበው ማን ያስብለታል?

ይህን ስል ልጅቷ ሁለተኛውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «እንግዲያው ልፈርም?»

«ቆይ፤ የምትጽፊውን አሳዪኝ እስቲ።»

ለሙከራ የጻፈችውን ከስልኳ አነበበችልኝ። ወግ ነው፤ አማርኛዋ ያምራል። «በ18 ወር ቁልፍዎን ይረከባሉ» ይላል። መሠረቱ ወጥቷል ወይ አልኳት። ሳቅ አለችና፣ መሬቱ ገና እንዳልታጠረ ነገረችኝ። በዐረብ አገር የሰው ቤት እየጠረገች ብር ያጠራቀመች ሴት ይህን አንብባ ቅድሚያ ክፍያ ብትልክስ? ያቺ የቤይሩቷ ልጅ መጣችብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ጉድጓድ ስተረጉም ያፈርኩት በከንቱ ነበር። ጽሑፉ አሰልቺ ነው እንጂ ውሸት አልነበረም፤ ያነበበው ሰው ተጠቀመ እንጂ አልከሰረም። ይህንኑ ነገርኳት።

«እሺ፣ የእናቴ ወገብስ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመምህር ደመወዝ ይዞ እናትን መደገፍ ምን ማለት እንደሆነ መቼም አንባቢ አያጣውም። እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት በሰው እህት ሒሳብ ምክር የሰጠሁ ሰው ነኝ። ዝም አልኩ።

በመጨረሻ ስልኬን አንስቼ ድሮ የትርጉም ሥራ ይሰጠኝ ለነበረ ወዳጄ ደወልኩ። ሥራ አለ፤ ስለ ከብት ክትባት ነው። የገጹን ዋጋ ሲነግረኝ ለካ ያው የዛሬ አምስት ዓመቱ ነው። «ጭማሪ የለውም እንዴ?» ብለው ሳቀብኝ።

ለልጅቷ ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ስንት ገጽ ስንት እንጀራ እንደሚሆን ማስላት ጀመረች።