ሰው የሌለበት ጣቢያ

ባለፈው ክረምት በአዳራሻችን የተዘጋጀውን ዐውደ ርእይ የተመለከታችሁ ሁሉ ከበሩ በስተግራ በኩል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የነበረውን የባቡር ጣቢያ ሞዴል ታስታውሱታላችሁ ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችሁም አመስግናችሁናል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ ምስጋናው ሳይሆን፣ በዚያ ሞዴል ፊት ቆሜ ስለ ተናገርሁት አንድ ውሸትና ውሸቱ ስላስነሣብኝ ጥያቄ ነው። የአንድን ነገር አምሳያ የሚሠራ ሰው ሁሉን ማስገባት እንደማይችል የታወቀ ነው። ታዲያ መተው ማሳጠር መሆኑ ቀርቶ መዋሸት የሚሆነው ከየት ላይ ጀምሮ ነው?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣን ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። የሠራነውም የአዲስ አበባውን ለገሐር ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው የባቡር መንገድ ሥራ የተጀመረው በ1897 ሲሆን (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ባለ ፎቁ የድንጋይ ጣቢያ የተመረቀው ደግሞ በ1929 ነው። ለገሐር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ማለትም «ጣቢያው» ከሚለው የመጣ ነው። መንገዱ ጠባብ ሐዲድ ከሚባሉት ወገን ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። በዓለም መደበኛ የሚባለው 1.435 ሜትር ነው። ጠባቡ ሐዲድ በተራራማ አገር ጠመዝማዛውን በቀላሉ ይዞራል፤ ወጪውም ይቀንሳል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ መስመር መደበኛውን ስፋት የያዘ ስለሆነና ጣቢያውም ሌላ ቦታ ስለተሠራ፣ ዛሬ ለገሐር ባቡር አይገባበትም።

እኛም አንዱን ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር አድርገን ሃምሳ ጊዜ አሳነስነው። ፎቁን ከሳሙና ካርቶን፣ ሐዲዱን ከሽቦ ሠራን፤ ከሐዲዱ ሥር በአግድም ለሚረበረበው የክብሪት እንጨት ደረደርን፤ ጠጠሩን ከወንዝ አሸዋ ነፍተን አለበስነው። ልካችንን ያገኘነው ከፎቶግራፍ ላይ የበሩን ቁመት መነሻ አድርገን በመገመት ነው። መስኮቶቹን በምላጭ ስንቆርጥ ያለፉት ሌሊቶች እስከ ዛሬ ደስ ይሉኛል፤ ጓደኛዬ አንድ ጣቱን ሁለት ጊዜ መቁረጡን ሳንረሳ። ወደ ሰዎቹ ስንደርስ ግን ሥራው ቆመ። በእኛ ልክ አንድ ጎልማሳ ሰው ሦስት ሴንቲሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ሦስት ቀን በሰምና በጭቃ ሞክረን ሰው የሚመስል ሰው አልወጣልንም። ስለዚህ ተውነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያለ ሰው የበለጠ ያማረም መሰለን።

በዐውደ ርእዩ በሁለተኛው ቀን ዕድሜው ዐሥር ዓመት የሚሆን ልጅ መጥቶ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። በእኛ አገር ባቡር ሲባል የእህል ወፍጮ መሆኑን ታውቃላችሁ። ልጁም «ጋሼ፣ እህሉ በየት ነው የሚገባው?» አለኝ። ስቄ አስረዳሁት። ቀጥሎም «ሰዎቹስ?» አለ። በዚህ ጊዜ «መሥራት አቅቶን ነው» ማለት ሲገባኝ፣ ሌሎች ተመልካቾች አጠገቤ ቆመው ስለነበር አፈርሁና «የባቡር ጣቢያ እንዲህ ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ሰው አይበዛበትም» አልሁት። ልጁ አመነኝ። ከሰዓት በኋላ ታናሽ እኅቱን እጇን ይዞ አምጥቶ፣ ባቡር ጣቢያ ጸጥ ያለ ቦታ መሆኑን እኔው በተናገርሁበት ድምፅ ሲያስተምራት ሰማሁ።

በዚያው ዕለት በልጅነታቸው ድሬዳዋ ያደጉና በትዳር ምክንያት ወደ ዳባት የመጡ አንድ እናት ጎበኙን። ብዙ ጊዜ ቆመው ተመለከቱና «ልጆቼ፣ ቤቱስ ቤቱን መስሏል፤ ሰውን ግን ምን በላው?» አሉ። ከዚያም ባቡሩ ሲቆም ቅርጫት ተሸክመው ወደ መስኮት ስለሚሮጡት ሴቶች፣ ስለ ጥቅልና ስለ ከረጢቱ ብዛት፣ በሦስተኛ ማዕረግ ቦታ ለመያዝ ስለሚደረገው ግፊያ፣ ሸኝ ሆኖ መጥቶ ስለሚያለቅሰው ሕዝብ ነገሩን። አልተቆጡም። «እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም እማማ ትሙት» ብለው ስቀው ሄዱ።

ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተከራከርን። አንደኛው «ሞዴል መጫወቻ ነው፤ ሁሉን አስገባ ከተባለ ማን ይሠራል?» አለ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ለምሳሌ የዚያ መንገድ አግዳሚዎች የብረት ነበሩ፤ እኛ ግን የክብሪት እንጨት ነው የረበረብነው፤ ይህን ውሸት የሚለው የለም። እንደዚሁም ሞዴል የግድ አንድን ቀን መርጦ ማሳየት አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ጠላት ሲቃረብ በዚሁ መንገድ ወደ ጅቡቲ የሄዱበትን የግንቦት 1936 ቀን አላሳየንም። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበትንም አላሳየንም። አንድን ተራ ቀን መምረጥ ሌሎቹን ቀኖች መካድ አይደለም። ነገር ግን ተራ ቀን ከተባለ፣ ተራው ቀን ሰው የሞላበት ነበር።

ሌላም ያሰብሁት አለ። በአየርላንድ አገር ከእኛም የጠበበ፣ ሦስት ጫማ ማለት 914 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ነበራቸው። እነዚያ መንገዶች በመኪና ተሸንፈው አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ዌስት ክሌር የሚባለው የተዘጋው በ1961 ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ጣቢያዎች የሚኖሩት እንደ እኛ ካርቶንና ሙጫ ይዘው በሚያመሹ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ከትራሊ ወደ ዲንግል ይሄድ የነበረው ባቡር በመጨረሻ ዓመታቱ፣ እስከ 1953 ድረስ፣ በወር አንድ ጊዜ ለከብት ገበያ ብቻ ይሠራ ነበር። እንግዲህ አንድ የዚያ አገር ሰው የዲንግልን ጣቢያ ያለ ከብት ቢሠራ፣ በሕይወት ያለ አንድ ሽማግሌ መጥቶ «ከብቶቹስ?» ይለዋል። የተመልካቹ ትዝታ የሠሪውን ጉድለት ይሞላለታል። ደባርቅ ላይ ግን ማን ይሞላልኛል? ባቡር አይቶ ለማያውቅ ልጅ የእኔ ካርቶን ማስታወሻ ሳይሆን ብቸኛው ምስክር ነው። ተመልካቹ ባላወቀ መጠን የሠሪው ዕዳ እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው። እኔ ግን የማይመረምረኝ ሰው ፊት ስለሆንሁ እንደ ልቤ የምናገር መስሎኝ ነበር።

ይህን ዓይነት በደል ደግሞ በሌላው ሲሠራ አሳምሬ አውቀዋለሁ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ የተቋቋመው በ1969፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978 ነው። በየግድግዳው የሚሰቀለውን የተራሮቻችንን ሥዕል ተመልከቱ፤ ዋልያ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ገደሉና ጉሙ አለ። በግጭ ሜዳ ገብስ ያርስ የነበረው ሰው ግን የለም። የግጭ ሰዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው እዚሁ ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። መነሣታቸው ይገባ ነበር አይገባም የሚለው ሌላ ክርክር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚያናድደኝ የነበረው፣ ሥዕሉን በሩቅ አገር የሚያይ ሰው ቀድሞም ማንም እንዳልነበረበት አድርጎ ማመኑ ነው። በዚህ ነገር በዶርማችን ውስጥ ስንት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደተከራከርሁ ጓደኞቼ ይመሰክራሉ። ከዚያ እጄ ሞዴል ሠራ፤ አፌም «ሰው አይበዛበትም» አለ።

ጓደኛዬ እስከ ዛሬ «ጥፋቱ መልሱ ላይ ነው እንጂ ሞዴሉ ላይ አይደለም» ይለኛል። ስለ ክብሪቱ እንጨት ብጠየቅ ኖሮ ያለ ኀፍረት እናገር ነበር፤ ስለ ሰዎቹ ስጠየቅ ግን ሸፈንሁ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው ባይ ነው። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ልጁ ባይጠይቀኝስ ኖሮ? ዝም ብሎ አይቶ፣ ዝም ብሎ አምኖ ይሄድ አልነበረምን? ብዙዎቹ ተመልካቾች እኮ አልጠየቁንም።

በመጨረሻው ቀን ልጁን ፈልጌ አገኘሁትና ጣቢያው ሰው የሚተራመስበት ቦታ መሆኑን ነገርሁት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምን ሰው የለም አልኸኝ?» አለ። «ሰው መሥራት ከብዶኝ ነው፤ እሱን መናገር ደግሞ አሳፈረኝ» አልሁት። መልስ ሳይሰጠኝ ወጥቶ ሄደ፤ የተቀየመኝም መስሎኝ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅርጫት የተሸከመች የጭቃ ሴት በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ። ቁመቷ ዐሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ነበር፤ በእኛ ልክ ሲሰላ ስድስት ሜትር የምትሆን ሴት ናት። ከሐዲዱ አጠገብ ስናቆማት ራሷ ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮት ደረሰ። ጓደኛዬ ልኩን ታበላሽብናለች ብሎ ነበር፤ እስኪዘጋ ድረስ ግን እዚያው ቆማ ዋለች።