ለቤት አንድ መደብ፣ ለገበያ ሌላ መደብ



ከቆቃ አንሥቶ በመቂ በኩል እስከ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ምድር በመስኖ የሚለማው ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ገበታ ትልቅ ድርሻ ያለው ነው። ይህ ምርት በአብዛኛው ያለ ጸረ ተባይ ኬሚካል ለገበያ አይደርስም። ሕዝባችን የሚረጨውን ነገር «መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል። ለተባዩ መርዝ የሆነው ለተክሉ መድኃኒት ነው ማለት ነው፤ ለሚበላው ሰው ምን እንደሆነ ግን ስሙ አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ከዚህ ዝምታ የሚነሣ ነው።

እንዲህ ያለ ገበሬ በሐሳባችን እንውሰድ። ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለው። በዚያ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት የቃሪያ እግር ተክሎ ፍግና አመድ ይሰጣቸዋል እንጂ አንዳች ኬሚካል አያስነካቸውም። ከዚያ ራቅ ብሎ ያለው የቲማቲም ማሳው ግን በየሳምንቱ ይረጫል፤ ዋጋ ከፍ ያለ ቀን ደግሞ ትናንት የተረጨው ዛሬ ተለቅሞ ይጫናል። ስለ ሁለቱ ማሳዎች ሲጠየቅ «ይህ የልጆቼ ነው፤ ያ የገበያ ነው» ይላል። ነገሩን በቅንነት ስለሚናገር ሰሚውም እንደ ብልሃት ይቀበለዋል። ይህ ሰው በደለ ወይስ አልበደለም?

ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት የእርሱን ወገን እንስማ። ለዘርና ለውኃ መሳቢያ ሞተር ተበድሯል። አንድ ሌሊት የገባ ተባይ የወራት ድካሙን ሊያጠፋበት ይችላል። ጎረቤቱ ሁሉ ሲረጭ እርሱ ብቻውን ቢተው ተባዩ ተሰብስቦ ወደ እርሱ ማሳ ይመጣል። የኬሚካል እርሻን በጅምላ መርገምም ከእውነት ያርቀናል። ከአየር ናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚሠራበትን መንገድ ያስገኘው ፍሪትዝ ሃበር የ1918 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል፤ ያለዚያ ማዳበሪያ ዛሬ በዓለም ያለውን ሕዝብ መመገብ እጅግ በከበደ ነበር። (ያው ሰው በ1915 በጦር ሜዳ የክሎሪን ጋዝ እንዲለቀቅ የመራ መሆኑም አይረሳ፤ እውቀት በራሱ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።) የጓሮ ጎመን የአገርን የእህል ጎተራ አይሞላም፤ ስለዚህ እዚህ የምንነጋገረው በተለይ ስለ አትክልትና ስለ ጸረ ተባዩ ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተሰኘው ሥራው ስለ ፍትሕ በሚያስተምርበት ክፍል፣ በ77ኛው ጥያቄ፣ ሻጭ የሸቀጡን ጉድለት የመግለጥ ግዴታ አለበት ወይ ሲል ይመረምራል። መልሱ በጥንቃቄ የተከፈለ ነው። ጉድለቱ በግልጽ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይን ብቻ ያለው እንደሆነና ዋጋውም በዚያው መጠን ከተቀነሰ፣ ሻጩ እንዲናገር አይገደድም፤ ገዢው ራሱ ያያልና። ጉድለቱ የተሰወረና ገዢውን ለጉዳት ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን መሰወሩ በደል ነው። ቅዱሱ ከሚሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ የተበላሸ ወይም መርዝ ያለበትን ምግብ እንደ ጥሩ ምግብ አድርጎ መሸጥ ነው።

ትናንት የተረጨ ቲማቲም እንደ አንድ ዓይና ፈረስ አይደለም። እንዲያውም ካልተረጨው ይልቅ ያማረ፣ የጠራና እንከን የሌለው ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ኬሚካል ደግሞ ወደ ተክሉ ውስጥ የሚዘልቅ ስለሆነ እናት በቤቷ ደጋግማ ብታጥበው አይለቅም። እንግዲህ ጉድለቱ ከገዢዋ ፈጽሞ የተሰወረ ነው፤ ከሻጩ ግን አልተሰወረም። ማወቁን በምን እናውቃለን? ከቤቱ ጀርባ ባለችው ንጹሕ መደብ እናውቃለን። ያቺ መደብ ለልጆቹ ያለውን ፍቅር ትመሰክራለች፤ «አላወቅሁም» እንዳይልም ትመሰክርበታለች። ስለዚህ መልሳችን፣ አዎን፣ በድሏል የሚል ነው። የበደለው በመርጨቱ ሳይሆን ለልጆቹ የፈራውን ለሌላው ሰው ልጆች ሳይፈራ በመቅረቱ ነው።

የተጎጂውም ቁጥር ከገዢው ይጀምራል እንጂ በገዢው አያበቃም። መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ ማሳ ለማሳ የሚዞረው የቀን ሠራተኛ ወጣት ከሁሉ ይበልጥ ቅርብ ነው። ባዶው ዕቃ ታጥቦ የውኃ ወይም የዘይት መያዣ ሲሆንም እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ የተከማቸ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ጸረ ተባይ ከአገራችን ተሰብስቦ እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ መጫን አስፈልጎ ነበር። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ዐዋዲ መልእክት ጸረ ተባይንና የእርሻ መርዞችን ጤናን ከሚያውኩ ብክለቶች መካከል የቈጠሩት፣ የድሆችንም ጉዳት አብረው ያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 የጸረ ተባይን ምዝገባና ቁጥጥር ደንግጓል፤ ሆኖም ሕግ እያንዳንዱን ማሳ ሊጠብቅ አይችልም።

በዚህ ላይ እኛ ገዢዎችም ከደሙ ንጹሕ ነን ማለት ያስቸግረናል። በገበያ ቆመን ቅጠሉ የተበሳ ጎመን ስናይ ፊታችንን እናዞራለን፤ ትንሽ ጠባሳ ያለበትን ቲማቲም ከክምሩ አውጥተን እንመልሳለን። ትል የቀመሰው ቅጠል ቢያንስ ትሉን እንዳልገደለው እያወቅን፣ ዓይናችን የሚወደውን ብቻ እንጠይቃለን። ገበሬውም ለዓይናችን ይረጫል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገበሬው የቤቱን መደብ ይንቀል አንልም፤ ያስፋት እንላለን። ይህን እስኪያደርግ ድረስ ግን ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችለው ግዴታ አለ። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ድረስ ማለፍ ያለባቸው ቀናት በዕቃው ላይ ተጽፈዋል፤ እነርሱን መቍጠር የፍትሕ ጕዳይ ነው። ማንበብ ለማይችል ገበሬ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህም ማንበብ ለሚችሉ የቁምስናችን ወጣቶች የተገባ አገልግሎት ነው።

ጓሮውን በተመለከተ አዲስ ትምህርት ከሩቅ መጠበቅ አያሻንም። የጉራጌና የሲዳማ ቤተሰቦች በቤታቸው ዙሪያ ያለውን እንሰት በከብት ፍግ እየመገቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ አሻግረውታል። ደጋማው አካባቢ ግን ፍጉ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይቃጠላል፤ መሬቱም የሚገባውን ስለተነፈገ ከሱቅ የተገዛ ማዳበሪያ ይጠይቃል። ማገዶ የጠፋባትን እናት በዚህ መውቀስ አይገባም። ቢሆንም የወደቀ ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭና አመድ በጕድጓድ ተከማችቶ እየተገላበጠ ቢቆይ ከወራት በኋላ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። ክሽክሽ ሲወርድበት የሳሙና ውኃ ማርከፍከፍ፣ ትሉን በማለዳ በእጅ መልቀም፣ ጎመን የነበረበትን መደብ በሚቀጥለው ጊዜ ለሽንኩርት መስጠት፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እንጨምር፤ «ኬሚካል አልረጨሁም» ማለት ብቻውን ንጽሕና አይደለም። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ ሰላጣ ምንም ባይረጭም ንጹሕ ሊባል አይችልም። በደንብ ያልበሰበሰ ፍግ በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ መጨመርም የሆድ ትል ያመጣል። የመርዝ ጀሪካን ቈርጦ ጎመን መትከልማ ምን እንደሚባል አናውቅም!

መሬት የሌላቸው፣ በኪራይ ቤትና በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ምእመናን ይህን ሲያነቡ «ለእኛስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ልክ ናቸው። ጓሮ ያለው ሁሉ ለራሱ ንጹሕ በልቶ ዝም ካለ፣ ያው የገበሬው ታሪክ በከተማ ተደገመ ማለት ነው። ብዙዎቹ የቁምስና ግቢዎቻችን ሰፊ ሣርና ጽጌረዳ አላቸው። ጽጌረዳውን አንጠላም፤ ከግቢው አንድ ጥግ ግን መሬት ለሌላቸው ቤተሰቦች በየመደቡ ቢከፋፈል የቅድስት ድንግል ማርያም ምስል ፊት የምናስቀምጠው አበባ ያንሳል ብለን አንሰጋም።

ወደ ገበሬያችን እንመለስና ለትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የሚሆን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ጎረቤቱ ለሕፃን ልጇ ጎመን ልትለምነው ብትመጣ ከየትኛው መደብ ይቈርጥላታል? ያለ ጥርጥር ከጓሮው ነው፤ ስሟን ያውቃል፣ ልጇንም አይቶታል። በሌሊት ጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚላከውን የምትገዛዋን ሴት ግን አይቷት አያውቅም። ደጉ ሳምራዊም በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው አያውቀውም ነበር። መምህራን ይህን ምሳሌ ሲያስተምሩ፣ ልጆቹ የቤታቸውን ጓሮና የአባታቸውን ማሳ እያሰቡ እንዲመልሱ ጊዜ ይስጧቸው፤ የልጆቹም መልስ ወደየቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉና፣ ወላጆች ሲጠይቋቸው አይቈጧቸው።