የለውጡ ስጋት የማን ነው?

ለውጥን የሚወስነው አንድ ወገን፣ የለውጡን ጉዳት የሚሸከመው ግን ሌላ ወገን በሚሆንበት ጊዜ፣ ስጋቱን የመመዘን መብት የማን ነው? ጥያቄው ለፖለቲካ ጥናት አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ፣ በሌሊት፣ ያለ ክርክር የሚወሰን መሆኑ ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን እናስታውስ። ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማዛወር ቻሉ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት መፈጠሩን፣ ንግድ ባንክም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቁ። በሌላ አነጋገር፣ ሰርሳሪ አልገባም፤ በሩን የከፈተው ባለቤቱ ነው። አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ የወጣበትን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ገመተው፤ አብዛኛውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመለሰለት።

በሙያው ደንብ ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት ሁለት ነገሮች ይመዘናሉ፤ ስሕተት የመፈጠሩ ዕድልና፣ ቢፈጠር የሚያደርሰው ጉዳት። ሁለቱ ተባዝተው «ዝቅተኛ» ወይም «ከፍተኛ» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ስሌቱ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን «ጉዳት» የተባለው የማን ጉዳት ነው? ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒት የሚገዛበትን የገዛ ገንዘቡን ማውጣት ያልቻለ ሰው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ልጇ የላከላትን የምትጠብቅ እናት፣ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ስፍራ የላቸውም። ሰንጠረዡን የሚሞላው የተቋሙ ሰው ነውና የሚታየው የተቋሙ ኪሳራ ነው። (በ1966 ዓ.ም. «ለውጥ» የሚለውን ቃል በአደባባይ የተሸከመው ትውልድም ይህን ሒሳብ በሚገባ አልሠራም ብል፣ ታላላቆቻችን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።)

አለመለወጥም ውሳኔ መሆኑን አልክድም። ያልታደሰ ሥርዓት ለሌባ የተተወ ቤት ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ መለወጥ ወይም አለመለወጥ ሳይሆን፣ የመመለሻው መንገድ ለማን ተዘጋጅቷል የሚለው ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን አሰናከለ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ሳበው፤ የተሰናከሉት ኮምፒዩተሮች ግን ብዙዎቹ በሰው እጅ፣ አንድ በአንድ መጠገን ነበረባቸው፤ በየአውሮፕላን ጣቢያውም መንገደኛ ወለል ላይ አደረ። አስቀድሞ ለጥቂቶች ብቻ ልኮ ውጤቱን ማየት ይቻል ነበር።

በንግድ ባንኩ ጉዳይ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ከገንዘቡ ብዙውን ያወጡት ተማሪዎች መሆናቸውን ተናገሩ። የራሱ ያልሆነውን አውቆ የወሰደ ጥፋተኛ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። ገንዘብ ይመለሳል፣ ሶፍትዌርም ወደ ትናንት መልኩ ይመለሳል፤ በሃያ ዓመቱ ፊቱ በሰፈሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈበት ተማሪ ግን በየትኛው ትእዛዝ ነው ወደ ትናንቱ የሚመለሰው? ይህስ ጉዳት በየትኛው ሰንጠረዥ፣ በማን እጅ ተመዝኖ ነበር?