የተዳፈነ እሳት

ልጄ፣ ትናንት የአዲሱን ቤትሽን ቁልፍ በጣትሽ እያሽከረከርሽ ስትገቢ አይቼ ደስ አለኝ። ኮንዶሚኒየምም ይሁን የጭቃ ቤት፣ የራስን በር ከፍቶ መግባት ክብር ነው። ነገር ግን ቁልፍ በር ይጠብቃል እንጂ ቤት አይጠብቅም። ቤት የሚጠበቀው ማታ ማታ በሚዞር እግር ነው።

አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ በሽሮ ሜዳ ቤታችን ስንኖር ሳትዞር ተኝታ አታውቅም። እኔ ከሸማዬ ጉድጓድ ወጥቼ፣ እግሬን ታጥቤ ጋደም ስል እሷ ባትሪዋን ይዛ ከጓዳ ጓሮ ትመላለሳለች። ከወደ እንጦጦ ጅቡ ይጮኻል። «አንቺ ሴት፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» ስላት፣ «የጠፋውንማ ነገ እፈልገዋለሁ፤ እኔ የማየው ጠፍቷል ብዬ የተውኩትን ነው» ትለኝ ነበር። ያኔ ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ግን ከዚህች ቃል የተሻለ ስንቅ የለኝም።

መጀመሪያ የምታየው የከሰል ማንደጃውን ነው። የጉለሌን ሐምሌ ታውቂዋለሽ፤ ብርዱ ጋቢ ደርበውበትም አጥንት ይገባል፤ ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገቢው አስገቢው ያሰኛል። አመድ የለበሰ ፍም የሞተ ይመስላል፤ ገለጥ ብታደርጊው ዓይኑ ቀይ ነው። ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለ በዚያው ይቀራል። ከሰል ባለበት ክፍል ተቀምጠሽ ራስሽን ካመመሽ፣ ካቅለሸለሸሽ፣ ጉልበትሽ ከከዳሽ፣ «ቡና ሳልጠጣ ውዬ ነው» አትበዪ። በሩንና መስኮቱን በርግደሽ ሰዉን ሁሉ ወደ ውጭ አውጪ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ማንደጃው ውጭ ይደር፤ እሱን አይበርደውም።

መብራት ሲሄድም ምጣዱን እንደተሰካ ትተሽ አትውጪ። ሄደ ያልሽው መብራት አንቺ ገበያ ሳለሽ ይመጣል። ውሃም በፈረቃ ነው፤ ቧንቧውን ከፍተሽ ጠብ የሚል ስታጪ መልሰሽ ዝጊው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጣ አንቺ ባትሰሚው ከታች ያለው ጎረቤትሽ በጣራው ይሰማዋል። ትውውቃችሁ በጠብ ይጀመራል ማለት ነው።

ወረቀትም የተዳፈነ እሳት ነው። የኪራይ ውልሽን በቃል እንዳታደርጊው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ተከትሎት የወጣው ቁጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ነው። የሁለቱ ጉርብትና ደስ ይለኛል፤ አንዱ ጣራሽን፣ ሌላው ገመናሽን ያስባል። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትሽ እንዲከበር ደንግጓል። ሕግ ግን የሚደርሰው ከተበደልሽ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰው ልማድ ነው።

ልማዱ እንዲህ ነው። ፎቶኮፒ ቤት ሄደሽ መታወቂያሽን በቴሌግራም ትልኪለታለሽ፤ አትሞ ይሰጥሻል፤ ከፍለሽ ትወጫለሽ። አለቀ ትያለሽ። አላለቀም፤ መታወቂያሽ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ዓይንሽ እያየ ይጥፋ፤ ከላክሽበት ገጽም ከሁለታችሁም በኩል አጥፊው። ኮፒውን ለሰው ስትሰጪ በላዩ ላይ አቋርጠሽ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብለሽ ቀኑን ጻፊበት። የፋይዳ መታወቂያ ስታወጪ አሻራሽንም የዓይንሽን ምስልም ሰጥተሻል። የቤት ቁልፍ ቢጠፋ ሲሊንደሩን ታስቀይሪያለሽ፤ ዓይንና ጣት ግን መለወጫ የላቸውም። ስለዚህ «መታወቂያሽን እስኪ» ያለሽን ሁሉ፣ በትሕትና፣ «ለምን ጉዳይ ነው?» በዪው። ጨዋ ሰው አይቆጣም።

አፍም እንደዚሁ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ደሞዝሽን፣ ዕቁብ የሚደርስሽን ቀን፣ ከወንድምሽ ጋር የተጣላሽበትን ነገር ለቡና ቁርስ አታቅርቢው፤ ሆድ ካገር ይሰፋል። ስልክ ደግሞ ዘንድሮ ሁለተኛ አፍ ሆኗል። ለፋሲካ አገር ቤት ሄደሽ ፎቶሽን የለጠፍሽ ዕለት «ቤቴ ባዶ ነው» ብለሽ አስነገርሽ ማለት ነው፤ ስትመለሺ ለጥፊው፣ ፎቶው አይሻግትም። ይህን ስልሽ ግን እንዳትሳሳቺ፤ ገመናሽን ሸፍኚ እንጂ ጉዳትሽን አትሸፍኚ። ብትታመሚ፣ ብትቸገሪ፣ ሰው እጁን ቢያነሳብሽ ጩኺ። ጎረቤትና እድር ለዚያ ነው ያሉት።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ፍለጋ ወጣ። አንዱ ከአንዱ ሰምቶ፣ እኔም ከእነሱ ሰምቼ ሄድኩ። የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? እዚሁ ጉለሌ፣ ፓስተር፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ባለሙያው ናሙና ተቀብሎ ሳይመረምር ይህ በሽታ ነው አይልም። በደጁ እያለፍን ሳንጠይቅ ሎሚ ተጋፋን። ሽንኩርቱ ለወጥ ሆነ፤ ደግነቱ እሱ አይጎዳም። ሌላ ቀን ግን ወሬው የሚጎዳ ይሆናል።

ክር ስገዛ ነጋዴው «አንደኛ ነው» ስላለኝ አልገዛም። በጣቴ አሻሸዋለሁ፣ ጫፉን በጥሼ አየዋለሁ፣ ባለፈው ከገዛሁት ጋር አስተያየዋለሁ። ወሬም ስትሰሚ እንዲያ አድርጊ። ማን አየው? የነገረሽ ሰው ራሱ ነበረበት ወይስ ሰምቶ ነው? አንቺ ብታምኚው ማን ይጠቀማል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶች በከንቱ አይደለም። ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ሰው ፈጥኖ የሚያምነው የሚፈራውንና የሚመኘውን ነው። ወሬው በጣም ካስደሰተሽ ወይም በጣም ካናደደሽ፣ ለሌላ ሰው ሳታስተላልፊ ይደርልሽ።

ምክሬን የምሰጥሽ ከብልጠቴ አይደለም፤ ከጥፋቴ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘባችን ከመቀነት ወደ ስልክ መግባቱን ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ መወርወሪያዬን እንደያዝኩ፣ ስልኬ ላይ «5,000 ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ወዲያው አንዲት ሴት እያለቀሰች ደወለች። «አባባ፣ ለእናቴ መታከሚያ የላኩት ነው፣ በስህተት እርስዎ ጋ ገባ፣ ሐኪሙ እየጠበቀን ነው፣ ቶሎ ይመልሱልኝ» አለችኝ። አንጀቴ ተላወሰ። የድርና የማግ መግዣዬን ላኩላት። ማታ ቀሪ ሂሳቤን ሳይ የገባልኝ ነገር የለም። ጽሑፉም የመጣው ከአንድ ግለሰብ ስልክ ነበር፤ ላኪውን ብመለከት ኖሮ በ09 እንደሚጀምር አይ ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉት ይህ ነው። ግን ከአለመጠርጠሬ ይልቅ መቸኮሌ ነው የጎዳኝ። «ቶሎ» የሚለው ቃል ነው ዓይኔን የጋረደው፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። መልእክት ብር አይደለም፤ ቀሪ ሂሳብሽን ራስሽ ገብተሽ እዪ። የሚስጥር ቁጥርሽን በስልክ የሚጠይቅሽ፣ ከየትም ነኝ ቢል፣ ሌባ ነው። ሽልማት ደርሶሻል የሚልሽም ሳሩን አሳይቶ ገደሉን የሚደብቅ ነው። እውነተኛ ጉዳይ ስልኩን ዘግተሽ፣ ቁጥሩን ራስሽ ፈልገሽ እስክትደውዪ ይቆይሻል። የማይቆይሽ ውሸት ነው። የተታለለ ሰውም ይናገር እንጂ አይፈር፤ እኔ አፍሬ አንድ ወር ዝም ስል ሦስት ጎረቤቶቼ በዚያው ወጥመድ ገቡ።

እንግዲህ ሂጂ። ቤቱ የሳቅ ቤት፣ ደጁ የእንግዳ ደጅ ይሁንልሽ። የገባው ይባረክልሽ፣ የወጣው በሰላም ይመለስልሽ። አሜን በዪ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዘንድሮ ድምፅ እንኳ ተመሳስሎ ይሠራል አሉ። ታምሜያለሁ፣ ብር ላኪልኝ የሚል የእኔን ድምፅ ከሰማሽ፣ አያትሽ ያቺን ባትሪዋን ማታ የት ታስቀምጣት እንደነበር ጠይቂኝ። ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺም በልጅነትሽ ስትሰርቂያት ታውቂው ነበር። አሁን ጮክ ብለሽ አትንገሪኝ፤ በሩ ክፍት ነው።