ወደ ባሕር የወረደ ተራራ

በሰሜን ካሮላይና የሚኖር ሰው የዕረፍት ቀን ሲደርስለት ጥያቄው አንድ ነው፤ ወደ ተራራ ወይስ ወደ ባሕር? ከሻርለት ወደ ምዕራብ የነዳ ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዞ የብሉ ሪጅን ከፍታ ይወጣል፤ ወደ ምሥራቅ የነዳም በዚያው ቀን የአትላንቲክን ውኃ ይነካል። በዚያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤትም ትምህርት ሲዘጋ ክርክሩ ይኸው ነው፤ አባት ለቀዝቃዛው አየር፣ ልጆች ለአሸዋው ይሟገታሉ። ጥቂት ታግሠን ብንመለከት ግን ተራራውና ባሕሩ ሁለት ሥራ አይደሉም፤ የአንድ እጅ ሥራ ሁለት ጫፎች ናቸው። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በመካከላቸው ያለ ሕይወት ሁሉ ከዚያ ስጦታ ይመገባል።

ከሚሲሲፒ ወንዝ በምሥራቅ ካለው የአሜሪካ ምድር ሁሉ የሚበልጠው ከፍታ ማውንት ሚቸል ነው። ቁመቱ 2,037 ሜትር። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚያወርድ ወዛደር እንኳ ከዚህ ጫፍ ከፍ ብሎ ቆሟል። ነገር ግን የዚህ ተራራ ዝቅታ የዕድሜ ዝቅታ ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ አፍሪካ የምንለው ምድር ከሰሜን አሜሪካ ጋር ገጠመ፤ በዚያ ግፊት ማውንት ሚቸል የሚገኝባቸው የአፓላቺያን ተራሮች ወደ ሰማይ ተነሡ። በዚያን ጊዜ የዛሬዎቹን አልፕስ ሳይስተካከሉ እንዳልቀሩ ሊቃውንት ይገምታሉ። ኋላ ሁለቱ ምድሮች ተለያዩ፤ በመካከላቸውም ውቅያኖስ ገባ። ባሕር ተሻግረን የመጣን አፍሪካውያን በእነዚህ ድንጋዮች ላይ ዐረፍ ስንል፣ የራሳችን አህጉር ጥንት ገፍቶ ባነሣው ከፍታ ላይ እንቀመጣለን።

ያ ሁሉ ቁመት ታዲያ ወዴት ሄደ? ውኃ ወሰደው። ውርጭ በስንጥቁ የገባውን ጠብታ በረዶ ሲያደርገው ዓለቱ ይፈነከታል፤ ዝናብ ደካማውን ማዕድን ቀስ እያለ ወደ ሸክላ ይለውጠዋል። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ግን አይበገርም፤ ቅንጣት ሆኖ ይቀራል፣ ጅረትም ይቀበለዋል። በብሉ ሪጅ ሸንተረር ላይ ጎን ለጎን ከወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ወደ አትላንቲክ ይወርዳል፤ ሌላው በሚሲሲፒ በኩል ዞሮ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። የጣት ስፋት የማታህል ልዩነት ለአንዲት ጠብታ ሌላ ባሕር ትመድብላታለች። ማን ለካላት? ማን መንገዷን አሳያት?

ተራራው ግን ከመስጠቱ በፊት ያጠጣል። በግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ጠዋት በሸለቆው የሚያንዣብበው ሰማያዊ ጉም ከዛፎቹ ትንፋሽ ይወለዳል፤ ቅጠሎቹ የሚያወጡት አይሶፕሪን የተባለ ጋዝ በአየር ውስጥ ረቂቅ ብናኝ ይሆናል፤ ብናኙም ሰማያዊውን ብርሃን ይበትናል። ከዚያ እርጥበት በታች፣ በወደቀ ግንድ ሥር፣ ሳላማንደር ይኖራል። እንሽላሊት ቢመስልም ቅርፊት የለውም፤ ወገኑ ከእንቁራሪት ጋር ነው። በዚህ ፓርክ ሠላሳ ዓይነት ሳላማንደር ይገኛል። አብዛኞቹ ሳንባ የላቸውም፤ እስትንፋሳቸው በእርጥብ ቆዳቸው በኩል ይገባል፣ በቆዳቸውም ይወጣል። ቆዳው ከደረቀ ሕይወት ያበቃል። ጉንጩ ቀይ የሆነው አንደኛው ዓይነት ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም የትም አይኖርም። ጣት በማታህል ፍጥረት ውስጥ የዝናቡ መጠን፣ የጥላው ብዛት፣ የቅጠሉ ውፍረት ሁሉ ተመዝኖ ተቀምጧል።

ከብሉ ሪጅ ከፍታ ካታውባ ወንዝ ይነሣል፤ ሻርለትን አጠጥቶ በሳውዝ ካሮላይና በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። በዚያች ከተማ ጀበናቸውን የሚጥዱ እናቶች ቡናውን የሚያፈሉት ከተራራው በወረደ ውኃ ነው። ውኃው ሁልጊዜ የዋህ ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በእነዚሁ ተራሮች ላይ ሲያርፍ፣ በአንዳንድ ሥፍራ በጥቂት ቀናት ከ700 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ፤ ጅረቶች መንደር ጠረጉ፤ በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ድንቁን ስናደንቅ ይህንን መርሳት አይገባንም። ሥርዓቱ ለእኛ ምቾት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ፍርሃት የሌለበት አድናቆትም እውነቱን በሙሉ አላየም።

ወደ ባሕሩ እየቀረብን ስንሄድ ምድሩ ይለሰልሳል፣ ወንዞቹም ዝግ ይላሉ። በብላክ ሪቨር ረግረግ ውስጥ፣ እንደ ሻይ በጠቆረ ውኃ መካከል፣ ባልድ ሳይፕረስ የተባሉ ዛፎች ቆመዋል። ተመራማሪዎች ከግንዳቸው ቀጭን ናሙና አውጥተው የዓመት ቀለበታቸውን ሲቆጥሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት አንደኛው ቢያንስ 2,624 ዓመት ሆኖት ተገኘ። ነቢዩ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ሕዝቡን ሲገሥጽ ይህ ዛፍ በሕይወት ነበር። የጠገበበት ዓመት ቀለበቱ ሰፋ፣ የተጠማበት ዓመት ጠበበ፤ ድርቁንም ጥጋቡንም በዝምታ መዝግቦ እስከ ዛሬ አቆየው።

ከረግረጉ ባሻገር መሬቱ አሸዋ ነው፤ ድኻ አፈር። አዝመራ የሚሻ ገበሬ ፊቱን ያዞርበታል። በዚህ ድህነት ላይ ግን፣ በዊልሚንግተን ከተማ ዙሪያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ክልል ብቻ፣ ቪነስ ፍላይትራፕ የተባለው ሥጋ በል ተክል በዱር ይበቅላል። ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ጫፍ ላይ ለሁለት የተከፈለ፣ ጠርዙ ጥርሳም፣ ውስጡ ቀላ ያለ ወጥመድ አለ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች ቆመዋል። ዝንብ አንዱን ፀጉር ብትነካ ምንም አይሆንም፤ የዝናብ ጠብታ ወይም የወደቀ ሣር ሊሆን ይችላልና ተክሉ ይጠብቃል። ሃያ ሰከንድ ገደማ ሳይሞላ ሁለተኛ ንክኪ ከመጣ ግን ወጥመዱ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ይዘጋል። ንክኪው አምስት ገደማ ሲደርስ የሚፈጨውን ፈሳሽ ማዘጋጀት ይጀምራል። አንጎል የሌለው ቅጠል ይቆጥራል! አፈሩ የነፈገውን ናይትሮጂን እንዲህ አድርጎ ከሚያጠምዳቸው ነፍሳት ያገኛል። ነጭ አበባውን ደግሞ በረጅም አገዳ ከወጥመዱ በላይ ያወጣዋል፤ አበባውን የሚያዳቅሉት ንቦችና ጥንዚዛዎችም በወጥመዱ ውስጥ እምብዛም አይገኙም። እንግዳውንና ምግቡን ለየ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው ስለ ሥጋ በል ዕፅዋት በሚያትት መጽሐፉ ለዚህ ትንሽ ተክል ታላቅ አድናቆት ሰጥቷል፤ ተንበርክኮ ያየው ሁሉም አይቃወመውም።

በመጨረሻ አሸዋው ራሱ ወደ ባሕሩ ይደርሳል። አውተር ባንክስ የሚባሉት ረጃጅም ቀጫጭን ደሴቶች ዓለት የላቸውም፤ ከታች እስከ ላይ አሸዋ ናቸው፤ አሸዋቸውም በብዛት ኳርትዝ ነው። በባዶ እግራችን የምንረግጠው ቅንጣት በረጅም ዘመን፣ በወንዝና በማዕበል እጅ፣ ከተራራው ወገን የመጣ ነው። እዚህም አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ1870 የተጠናቀቀው የኬፕ ሃተራስ የመብራት ግንብ ከ60 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የጡብ ሕንፃ ነው፤ ማዕበሉ አሸዋውን ከሥሩ እየወሰደ ሲቀርበው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 መሐንዲሶች ግንቡን እንደቆመ 880 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አንቀሳቀሱት። ታላቁ ሕንፃ ለታናሹ ቅንጣት መንገድ ለቀቀ።

ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ በሌሊት፣ ሎገርሄድ የተባለችው የባሕር ኤሊ ወደዚህ አሸዋ ትወጣለች። የኋላ እግሮቿን ተራ በተራ እያጠፈች፣ የምትቆፍረውን ሳታይ፣ ጉድጓዷን ታወርዳለች፤ መቶ የሚያህሉ እንቁላሎች ጥላ፣ አሸዋውን መልሳ፣ ወደ ባሕር ትመለሳለች። ዳግመኛ አትጎበኛቸውም። ሁለት ወር ገደማ የሚያሞቃቸው አሸዋው ነው፤ ሴት ወይም ወንድ መሆናቸውን የሚወስነውም የአሸዋው ሙቀት ነው፤ ሞቅ ካለ ሴቶች፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንዶች ይበዛሉ። የተራራ ስባሪ ለባሕር ልጅ ማሕፀን ሆነ! ከመዳፍ ያነሱት ግልገሎች በሌሊት ወጥተው ብርሃን ወዳዩበት አድማስ ይሮጣሉ፤ በተፈጥሮው ሥርዓት በሌሊት የሚበራው አድማስ የባሕሩ ነውና። የቻፕል ሂሉ ተመራማሪ ኬኔት ሎማንና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ምርምር እንዳሳዩት፣ እነዚህ ግልገሎች የምድርን መግነጢሳዊ መስክ እያነበቡ በውቅያኖሱ ውስጥ አቅጣጫቸውን ይይዛሉ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይታ ለእናትነት የምትደርሰው ኤሊም ወደተወለደችበት የባሕር ዳርቻ አካባቢ ትመለሳለች። እኛ ካርታ ይዘን በምንጠፋበት ዓለም፣ ካርታው በውስጧ ተጽፎ ተሰጥቷታል።

በዚህ ሁሉ መካከል የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ለሳምንት የመጣን እንግዶችም ብንሆን፣ ቤት ሠርተን የተቀመጥን ነዋሪዎችም ብንሆን፣ ሥርዓቱን አልጀመርነውም፤ ልናበላሸው ግን እንችላለን። በጅረቱ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ለጨዋታ ስንገለብጥ የሳላማንደሩን ጣሪያ እናነሣለን። ቪነስ ፍላይትራፕን ከዱር ነቅሎ መውሰድ በሰሜን ካሮላይና ከባድ ወንጀል እስኪሆን ያደረሰው የሰው እጅ ነው። በባሕር ዳርቻ ቤታችን በረንዳ ላይ የረሳነው አምፖልም ግልገሎቹን ከባሕሩ ወደ መንገዱ ያስታል፤ ስለዚህ በመፈልፈያው ወራት ብዙ የባሕር ዳር ከተሞች ነዋሪውንና እንግዳውን መብራት እንዲያጠፋ ይለምናሉ። እንግዲህ ድንጋዩን በቦታው እንተው፤ ተክሉን ተንበርክከን እንየው፣ እጃችንን ግን እንሰብስብ፤ በረንዳችንንም እናጨልም። ተራራው ለዚህ ሥራ ቁመቱን ሰጥቷል፤ ከእኛ የሚጠየቀው የአንድ አምፖል ማብሪያ ማጥፊያን መጫን ነው።