እስኪሠራ ድረስ ማን ይጠብቅ?

ከተማ በእሳት በጠፋች ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው በምን ገንዘብ ትሠራ የሚለው ነው፤ ቀጥሎም በምን ዐይነት ትሠራ ይባላል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን በአደባባይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ እርሱም እስክትሠራ ድረስ ማን ይጠብቅ የሚለው ነው። ቤት ሁሉ በአንድ ቀን ሊሠራ አይቻልምና አንዱ ፊተኛ ሌላው ኋለኛ መሆኑ ግድ ነው። ፊተኛውን ከኋለኛው የሚለየው ምንድር ነው? ፍርድ ነውን? ወይስ ዕድል? ወይስ የገንዘብ ጉልበት? ይህን በዐሳብ ብቻ ከምንመረምረው በቅርብ ዘመን በሆነ ነገር ላይ ብንመረምረው ይሻላል።

በካናዳ አገር በምዕራብ በኩል፥ አልበርታ በሚባለው ግዛት ውስጥ፥ ሮኪ ከተባሉት ታላላቅ ተራሮች መካከል ጃስፐር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ 5000 ያህል ናቸው። የቆመችውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 መንግሥት ከልሎ በሚጠብቀው ዱር ውስጥ ነው። ቀድሞ የባቡር ሠራተኞች ከተማ ነበረች፤ ኋላ ግን እንጀራዋ ከአገር ጎብኚዎች ሆነ። በረዶ የለበሰውን ተራራና ሐይቁን ለማየት በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ወደዚያ ዱር ይመጣ ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ ጁላይ 22 ቀን 2024) ማታ ሁሉም ከተማዋን ለቆ ይውጣ የሚል ትእዛዝ ወጣ። 25000 ያህል ሰው በአንድ መንገድ ላይ ተከታትሎ በሌሊት ወጣ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ እንግዶች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን፥ ሐምሌ 17 ማታ፥ ጽኑ ነፋስ የሚነዳው እሳት ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ ከ1113 ሕንፃዎች 358ቱን አጠፋ። በከተማዋ ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ በዱር እሳቱን ሲያጠፋ የነበረ አንድ የ24 ዓመት ጐልማሳ ዛፍ ወድቆበት ሞተ። የኢንሹራንስ ማኅበሮች ጉዳቱን በመጀመሪያ 880 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ገመቱት።

ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቶቹ፥ የባቡር ጣቢያውም ተረፉ። ከሆቴሎቹም የሚበዙት ተረፉ። የጠፉት በብዛት መኖሪያ ቤቶች ናቸው፤ በአንድ ሕንፃ ብዙ ቤተሰብ ያድር ነበርና ማደሪያው ሲቈጠር ከ800 በላይ ሆነ። እንግዲህ አንባቢ ይህን ያስተውል፤ የእንግዳው አልጋ ተረፈ፥ አልጋውን የሚያነጥፈው ሰው አልጋ ግን ተቃጠለ። ነዋሪዎቹ ነሐሴ 10 ቀን ወደ ከተማቸው እንዲገቡ ሲፈቀድላቸው ብዙዎቹ የገቡት አመድ ለማየት ነበር።

በዚህ ጊዜ የሆቴል ባለቤቱ የሚናገረው ቃል ሊናቅ አይገባም። እንግዳ ካልመጣ ደመወዝ የለም፤ ደመወዝ ከሌለ ሠራተኛው ቤት ቢሠራለት እንኳ በምን ይኖርበታል? ስለዚህ አስቀድሞ እንግዳው ይምጣ፥ ከገንዘቡም ቤት ይሠራል ይላል። ይህ ነገር ስስት ብቻ አይደለም፤ እውነትም አለበት። የከተማው ሰው ራሱ እንግዶቹ እንዲመለሱ ይወድ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሥርዐት የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ቤት የነበረው ሰው ኢንሹራንስ ካለው ካሳውን ተቀብሎ በሌላ ከተማ ተከራይቶ ይቈያል። ተከራይ የነበረው ግን ለዕቃው ኢንሹራንስ ቢኖረው እንኳ በቤቱ ላይ መብት የለውም፤ ባለቤቱ መልሶ ሲሠራው ለእርሱ ያከራየው እንደ ሆነ፥ በስንትም እንደሚያከራየው አያውቅም። ከዚህም በላይ በዚያ በተከለለ ዱር ሕግ በከተማዋ ለመኖር የሚፈቀደው በዚያ ሥራ ላለው፥ ከዚያም በጡረታ ላረፈና ለቤተሰባቸው ነው። ሕጉ የወጣው ሀብታሞች የበጋ ቤት እየገዙ ሠራተኛውን እንዳያስወጡት ነበርና በደኅናው ዘመን መልካም ሕግ ነው። እሳት ከመጣ በኋላ ግን ቤት ያጣው ሥራውን ለመያዝ ይቸግረዋል፥ ሥራውን ያጣውም የመኖር ፈቃዱን ያጣል፤ አንዱ ማጣት ሌላውን ይወልዳል።

ለእንግዳ ከራስ አስቀድሞ ማብላት የእኛም አገር ሕግ ስለ ሆነ፥ እንግዳ ይቅደም ቢባል ምን ነውር አለው የሚል ይኖር ይሆናል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን በተቀበለ ጊዜ ወደ ላሞቹ የሮጠው እርሱ ራሱ ነበር፤ ዱቄቱንም የለወሰች ሣራ ናት። ሎሌውን ከድንኳን አስወጥቶ በእርሱ ምኝታ እንግዳ አላሳደረም። እንግዳ መቀበል በጎ ሥራ የሚሆነው ድካሙን የሚሸከመው ራሱ ተቀባዩ ሲሆን ነው። በሌላው ድካም የሚደረግ መስተንግዶ ንግድ ነው፤ ንግድ ኀጢአት አይደለም፥ ነገር ግን በአብርሃም ስም ሊጠራ አይገባውም።

ካህናት የፈረሰች ከተማ ስለ መሥራት ሲያስተምሩ ነህምያን ይጠቅሳሉ፤ የሚጠቅሱትም ቅጥሩ በ52 ቀን እንደ ተፈጸመ ነው። በመካከሉ ያለው አምስተኛው ምዕራፍ ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ቅጥሩ ከፍ ከፍ ሲል ድሆቹ ስለ እህል እርሻቸውንና ቤታቸውን እንዳስያዙ እየነገሩ ጮኹ። ነህምያም ሥራው ይፈጸም እንጂ ኋላ እናየዋለን አላላቸውም፤ ታላላቆቹን ሰብስቦ ገሠጸ፥ የያዙትንም እንዲመልሱ አስማላቸው። ራሱም ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ 12 ዓመት አልበላም። እንግዲህ ነህምያ ያደረገው ሥራውን ማቆም አይደለም፤ የመጠበቁን ሸክም ከድሆች ጫንቃ ላይ አንሥቶ ለሁሉ ማካፈል ነው።

በጃስፐር ይህ ማካፈል ቀላል አልሆነም። የአልበርታ መንግሥት በ112 ሚሊዮን ዶላር 250 ቤቶች እንደሚያሠራ ተናገረ። ነገር ግን ግዛቱ ለዘለቄታው የሚቈይ፥ ለየብቻው የቆመ ቤት ይሁን ሲል፥ ከተማዋ ደግሞ ባለን ጠባብ መሬት ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠለልበት ይሁን ትል ነበርና ዕቅዱ እንደ ተባለው አልተፈጸመም። መሬቱም የመንግሥት ነው፥ ነዋሪው በሊዝ ይይዘዋል፤ ይህን የእኛ ከተማ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ለጥቂቶች የሚቈይ ቤት ይሻላል ወይስ ለብዙዎች ክረምት የሚያሳልፍ? ሁለቱም ወገኖች በጎ ዐሳብ ነበራቸው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ክርክሩ በረዘመበት በእያንዳንዱ ወር ይጠብቁ የነበሩት ተከራካሪዎቹ አልነበሩም። መልካሙ ነገር ኋላ የተሻሻለው የቤት አሠራር ደንብ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የነበረው ቦታ አሁን ከአንድ የሚበልጡ ማደሪያዎች እንዲሠሩበት ተፈቅዷል። ይህ ባለርስቱ ከስፋቱ ለሌላው እንዲያካፍል መንገድ ይከፍታል።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ልጨምር። ዱሩ በተከለለ ጊዜ በዚያ ሸለቆ እርሻ የነበራቸው፥ ከአገሬውና ከአውሮፓውያን የተወለዱ ሜቲስ የሚባሉ ቤተሰቦች ካሳ ተሰጥቷቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። የቀደሙት ሰዎች ሣሩንና ቍጥቋጦውን በየጊዜው በጥቂቱ ያቃጥሉ ነበር። እነርሱ ከሄዱ በኋላ እሳት ሁሉ እንደ ጠላት እየጠፋ ዱሩ ጠቀጠቀ፤ በቅርብ ዘመንም በቅርፊት ውስጥ የምትኖር ጥንዚዛ ብዙ ጥድ አደረቀች። ጃስፐርን ያቃጠለው ማገዶ በመቶ ዓመት የተከመረ ነበር።

ከጠፉትም መካከል በ1928 እንደ አውሮፓ የተሠራ፥ በቅድስት ማርያምና በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተጠራ የአንግሊካን ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስሙን የሚሰማ የእኛ ሰው ልቡ ይነካል፤ ሐጌም እናንተ ባጌጠ ቤት ተቀምጣችሁ የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ይቅር ወይ ሲል መገሠጹን ያስታውሳል። ሐጌ የገሠጸው ግን ቤት የነበራቸውን ነው፤ በጊዜያዊ መጠለያ የሚያድረውን ሰው ያ ተግሣጽ አያገኘውም። በዚያ መሬት ላይ አስቀድሞ ምን ይሠራ ተብዬ ብጠየቅ፥ በመቅደሱ ዙሪያ ለሠራተኞች ማደሪያ ይሠራ እላለሁ። ቅዱስ ሥፍራ ለሰው መኖሪያ አይሆንም የሚለኝ ካህን እውነት አለው፤ የመቅደሱ ቦታ ይጠበቅ። ዐጸዱ ግን ሰፊ ነው፤ በእኛም አገር ከጥንት ጀምሮ የቆሎ ተማሪው ጎጆና የነዳያን መጠጊያ በዚያው በዐጸዱ ነበረ።